የጣና ዳር ጥቁር ደንጊያና የአሶሳ ወርቅ

በባሕር ዳር ከሐይቁ ዳር ቆሞ ዙሪያውን የተመለከተ ተማሪ የሚያየው ጥቁር ደንጊያ ነው። ጢስ ዓባይም የሚወርደው በዚሁ ላይ ነው። ወርቅ ፈላጊው ግን እዚህ አይቆፍርም፤ ወደ አሶሳ ይሄዳል። ምክንያቱ ምንድን ነው?

ጥቁሩ ደንጊያ ባዛልት ይባላል፤ እሳተ ገሞራ አፍስሶት የቀዘቀዘ ነው። የደጋችንን ትልቅ ክፍል የሸፈነው ባዛልት ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ ሲሆን፣ የባሕር ዳሩ ከዚያም በብዙ ያንሳል። ይህ ሁሉ እንደ ልብስ ነው። ከሥሩ የአሸዋና የኖራ ደንጊያ አለ፤ ከሁሉም በታች ከ500 ሚሊዮን ዓመት የሚበልጠው ጥንታዊ የምድር ቅርፊት ይገኛል። በቤኒሻንጉልና በወለጋ ልብሱ ተገፍፎ ይኸው ቅርፊት በገሃድ ይታያል።

ቅርፊቱ የተሠራው የጥንት አህጉራት ሲጋጩ ነው። በመካከላቸው የነበረው የባሕር ወለልና የደሴቶች ሰንሰለት ተጨፍልቆ ተጣበቀ፤ ስፌቱም ተሰነጣጠቀ። ከጥልቅ የወጣ ትኩስ ውሃ የሟሟ ወርቅ ይዞ በስንጥቁ አለፈ፤ ሙቀቱና ግፊቱ ሲቀንስ ወርቁን ከነጭ ኳርትዝ ጋር እዚያው ጥሎት ሄደ። በደቡብ የሚገኘው የለገ ደምቢ ወርቅም በእንዲህ ዓይነት የተሰነጠቀ ቅርፊት ውስጥ ነው።

ስለዚህ የአሶሳ ወርቅ አጣቢ የሚያገኘው ወርቅ ዓባይ ከጣና የወሰደው ሳይሆን ከዚያው አገር ደንጊያ የታጠበ ነው። የነገ መሐንዲሶች ሆይ፣ ከመቆፈር አስቀድሞ የስፌቱን መስመር ማጥናት ይገባል፤ ደንጊያውን ሳያውቅ የሚቆፍር ሰው የድሃ አገር ገንዘብ ይቀብራል።