ገንዘቡ ከመዋጣቱ በፊት፦ ዶርዜ ላይ ሆነው ስለ ኮክሊያር ኢምፕላንት ማወቅ ያለብዎ

ሽሮ ሜዳ የሚሸምነው ልጅ ይደውላል። ዶርዜ ያሉት አባት ስልኩን ለልጅ ልጃቸው ያቀብሉና «ምን አለ?» ይላሉ። ዓመታት እንዲህ ካለፉ በኋላ ቤተሰቡ ሲመክር አንዱ «ጆሮ ውስጥ የሚተከል ማሽን አለ አሉ» ብሎ ወሬ ያመጣል። ወሬው እውነት ነው፤ ማሽኑ ኮክሊያር ኢምፕላንት ይባላል። ፕሮፌሰር ግሬም ክላርክ በ1978 እ.ኤ.አ. ሜልበርን ላይ ባለብዙ ኤሌክትሮዱን መሣሪያ ለአንድ አዋቂ ከተከሉ ወዲህ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሰምተውበታል። ዕቁቡ ሳይወጣ፣ በሬው ሳይሸጥ ግን የሚከተሉትን ይመልከቱ።

የእርስዎ ጆሮ ኢምፕላንት የሚፈልግ ነው?

ኩክ የደፈነው ጆሮ፣ ታምቡሩ ተቀዶ መግል የሚያወጣ ጆሮ፣ ውስጡ የተጎዳ ጆሮ፣ ሦስቱም እኛ ዘንድ «አይሰማም» ይባላሉ። የመጀመሪያው በደቂቃዎች ይጸዳል። ሁለተኛው በመድኃኒት ወይም በታምቡር ጥገና ይታከማል። ሦስተኛውም ቢሆን ብዙ ጊዜ ከጆሮ ጀርባ በሚውል ተራ የመስሚያ መሣሪያ ይረዳል። ኢምፕላንት የሚታሰበው ይህ የመስሚያ መሣሪያ ድምፁን ቢያጎላም ቃሉን መለየት ሲያቅት ነው። እንግሊዞች በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጡት መመሪያ በሁለቱም ጆሮ፣ ቢያንስ በሁለት የድምፅ ድግግሞሽ፣ ከ80 ዴሲቤል በታች ያለውን የማይሰማና በመስሚያ መሣሪያ በቂ ጥቅም ያላገኘ ሰው ነው የሚታጨው። የመስማት ምርመራ ወረቀትዎን ሳያይ ዋጋ የሚነግርዎትን አይስሙት።

መስማት ያቆሙት መቼ ነው?

ተናግሮ፣ ተጫውቶ፣ በአርባ ዓመቱ የደነቆረ ሰው አንጎሉ ቋንቋውን ያውቀዋል፤ ተስፋው ትልቅ ነው። ሳይሰማ ተወልዶ ሳይሰማ ያደገ አዋቂ ከኢምፕላንቱ የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ነው፤ ለእሱ ገንዘቡ ቤተሰቡ ሁሉ ምልክት ቋንቋ ቢማርበት ይሻላል ባይ ነኝ። ማጅራት ገትር ካደነቆረዎት ደግሞ አይዘግዩ፤ በሽታው የውስጥ ጆሮውን ወደ አጥንትነት ሊለውጠውና መትከያ ቦታ ሊያሳጣ ይችላል።

የትኛውን ዋጋ ነው የነገሩዎት?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የሚነገርዎት የቀዶ ሕክምናውና የመሣሪያው ዋጋ ነው። ከቆዳ ሥር የሚቀበረው ክፍል ለረጅም ዘመን ታስቦ የተሠራ ነው፤ ውጭ የሚውለው፣ ድምፁን ተቀብሎ ወደ ውስጥ የሚልከው ፕሮሰሰር ግን ያረጃል፣ ይወድቃል፣ ይጠፋል። ገመዱ ይበጠሳል፣ ባትሪው ይሞታል። ሁሉም በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ዕቃ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲመራ ሲደረግ ከ58 ብር በታች የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፏል፤ ያኔ ገመድ ለመግዛት ያሰበ ሰው ምን እንደገጠመው ይገምቱ።

የጤና ኢኮኖሚ ባለሙያዎች ወጪውን ለሚገኘው ጥሩ የኑሮ ዘመን ያካፍሉታል። እንግሊዝ መመሪያውን ስታወጣ ለአንድ የሙሉ ጤና ዓመት ከ20,000 እስከ 30,000 ፓውንድ ድረስ ያዋጣል ትል ነበር፤ የአዋቂ አንድ ጆሮ ኢምፕላንት በዚህ ሚዛን አልፏል። የሁለተኛው ጆሮ ግን ዓይነ ስውርነት ወይም ሌላ ተጨማሪ ጉዳት ለሌለበት አዋቂ አላለፈም። ስለዚህ «ሁለቱንም እንትከልልዎ» ቢባሉ ቆም ይበሉ። ደግሞም ያ ስሌት መንግሥት የሚከፍልበት፣ መለዋወጫ የማይጠፋበት አገር ስሌት ነው። ከዶርዜ ሲነሱ ከጉጌ ተራራ ወደ አርባ ምንጭ መውረጃው፣ ከዚያ አዲስ አበባ ድረስ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ መንገዱ፣ አብሮ የሚሄደው አስታማሚ ጭምር ይደመራሉ። መሣሪያውን ከጠዋት እስከ ማታ ለሃያ ዓመት ያደረገውና በሦስተኛ ዓመቱ ገመድ አጥቶ ሣጥን ውስጥ ያስቀመጠው ሰው መጀመሪያ የከፈሉት እኩል ነው፤ ያገኙት ግን እኩል አይደለም። ድሩ ተወጥሮ ማጉ ያለቀበት ጋቢ አይለበስም።

ማን ያስተካክልልዎታል?

መሣሪያው የሚበራው ከቀዶ ሕክምናው ሳምንታት በኋላ ነው። የመጀመሪያው ቀን ድምፅ ብዙዎችን ያስደነግጣል፤ የሚስት ድምፅ እንደ ቆርቆሮ ያቃጭላል። በመጀመሪያው ዓመት ደጋግሞ በኮምፒዩተር ይቃኛል። በቅኝቶቹ መካከል ያለው ልምምድ ግን የቤት ሥራ ነው፤ ቤትዎ የሚወራው ጋሞኛ ከሆነ በጋሞኛ ይሁን። የልጅ ልጅ አፏን በነጠላ ሸፍና «ውሃ»፣ «እሳት» እያለች በየቀኑ ብታስደግምዎ፣ ምንም ሳያስከፍል የከፈሉትን ገንዘብ ዋጋ የሚያበዛው ይህ ነው።

ኑሮዎና መሣሪያው ይስማማሉ?

ፕሮሰሰሩን ከተቀበረው ክፍል ጋር የሚያገናኘው ክብ ማግኔት ከጭንቅላት ቆዳ ላይ ተለጥፎ ነው የሚውለው፤ ሻሽ ሲያስሩ ወይም ጋቢ ሲከናነቡ ሊነቀል ይችላል። የቀርከሃው ቤት ጭስና የደጋው ዝናብ ለማይክሮፎኑ አይመቹም፤ ማታ ማታ ማድረቂያ ያለው ዕቃ ውስጥ ያስቀምጡት። መብራት ሲጠፋ የሚሆን ሁለተኛ ባትሪ ያስፈልጋል። የቀረች ትንሽ የመስማት አቅም በቀዶ ሕክምናው ልትጠፋ ትችላለች፤ የማጅራት ገትር መከላከያ ክትባት አስቀድሞ ይወሰዳል፤ ኤም አር አይ ከመነሳትዎ በፊት ኢምፕላንት እንዳለብዎ ይናገሩ። ንግግር ይመለሳል፣ ዜማ ግን እምብዛም። ለመስቀል ዶርዜዎች ድምፅ በድምፅ ላይ እየደራረቡ ሲዘፍኑ ያንን እንደ ድሮው እሰማለሁ ብለው ከሆነ የሚያስተክሉት፣ ሐኪሙ አስቀድሞ እውነቱን ይንገርዎ።

ከመፈረምዎ በፊት የመለዋወጫ ፕሮሰሰሩ፣ የገመዱና የባትሪው ዋጋ ለየብቻ፣ ዋስትናው ስንት ዓመት እንደሆነና ሞዴሉ እስከ መቼ መለዋወጫ እንደሚኖረው በጽሑፍ ያስሰጡ። ይህን ወረቀት ካልሰጡዎት ልጆቹ ገና አያዋጡ።