ፖሊስን ምን መጠየቅ እንችላለን?

የተከበራችሁ ወላጆቻችንና ሽማግሌዎቻችን፣ በክፍላችን ስለ መረጃ ነፃነት ሕግ ተምረናል። ሕጉን ክኔሴት ያወጣው በ1998 በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ማንኛውም የእስራኤል ዜጋ ወይም ነዋሪ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ከፖሊስም ጭምር፣ መረጃ መጠየቅ ይችላል። ለምን እንደፈለገው መናገር አይገደድም። ቢከለከል ለፍርድ ቤት ያመለክታል።

ሁሉም ነገር ግን አይነገርም። የፖሊስ የስለላ ክፍሎች ከሕጉ ውጭ ናቸው። ፖሊስ ወንጀለኛ የሚይዝበትን ዘዴም ላይገልጽ ይችላል። ይህ ትክክል ነው፤ ሌባ ዘዴውን አስቀድሞ ካወቀ ያመልጣል።

የፖሊስ መመሪያ ግን መታወቅ አለበት። ከታወቀ መከራከር ይቻላል። ለምሳሌ አንድ መመሪያ ፖሊሶች ያለ ጥርጣሬም መታወቂያ እንዲጠይቁ ይፈቅድ ነበር። «ጠበቃ» የተባለው የማኅበረሰባችን ድርጅት ከሌሎች ጋር ሆኖ ከሰሰ። በ2021 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ያለ በቂ ጥርጣሬ ሰውን መታወቂያ አሳይ ብሎ ማስገደድ አይቻልም ብሎ ፈረደ።

በርኆቮትም፣ በቂርያት ሞሼ ሰፈር፣ ስንት ወጣት እንደታሰረ በቁጥር ብናውቅ «ይመስለናል» ሳይሆን «ይኸው» እንላለን። ደብዳቤውን በዕብራይስጥ እኛ እንጽፋለን፤ ምን እንደሚጠየቅ እናንተ ንገሩን። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ስትሉ ሰምተናል።