የአእምሮ ሕሙማንን እንቅልፍ ለማሻሻል የሚሰጥ የነርሶች ሥልጠና፦ ከዕውቀት ወደ ዋርድ አሠራር

መግቢያ

በአእምሮ ሕክምና ውስጥ እንቅልፍ ማጣት ለረጅም ጊዜ የዋናው ሕመም ምልክት ብቻ ተደርጎ ሲታይ ቆይቷል። በዚህ አመለካከት ሕመሙ ሲታከም እንቅልፉም በራሱ ይስተካከላል። በእንግሊዝ የተሠሩ ጥናቶች ግን እንቅልፍ ማጣት ምልክት ብቻ ሳይሆን አባባሽ ምክንያትም መሆኑን ያመለክታሉ። ዳንኤል ፍሪማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙትና በ26 ዩኒቨርሲቲዎች 3,755 ተማሪዎችን ባሳተፈው ሙከራ፣ እንቅልፍ ሲሻሻል የጥርጣሬና የሌለውን የማየትና የመስማት ምልክቶች ቀንሰዋል። በ2018 በአጣዳፊ ዋርድ በተኙ 40 ሕሙማን ላይ የታተመ አነስተኛ ሙከራም የእንቅልፍ ሕክምናን በዋርድ ውስጥ መስጠት እንደሚቻል አሳይቷል። ሌሊቱን ከሕሙማን ጋር የሚያሳልፈው ነርስ በመሆኑ፣ ሥልጠናው በቅድሚያ የሚመለከተው እርሱን ነው።

የሥልጠናው ይዘት

የመጀመሪያው ርእስ ምዘና ነው። ዓይኑን የጨፈነ ሕመምተኛ ሁሉ አልተኛም፤ ስለዚህ «ተኝቷል» የሚለው የሌሊት መዝገብ ጠዋት ሕመምተኛው ራሱ ከሚሰጠው ቃል ጋር መነጻጸር አለበት። ሰባት ጥያቄዎች ያሉትና ከ0 እስከ 28 ነጥብ የሚሰጠው የእንቅልፍ ማጣት ክብደት መለኪያ ለዚህ ይረዳል።

ሁለተኛው ምክንያትን መለየት ነው። እረፍት የሚነሳ የመድኃኒት ጎንዮሽ ጉዳት፣ ከማንኮራፋት ጋር የሚከሰት የትንፋሽ መቆራረጥ፣ ሕመም፣ ፍርሃት፣ የቀን እንቅልፍ፣ እንዲሁም በኢትዮጵያ ጫትና ከሰዓት በኋላ የሚጠጣ ቡና አንድ ዓይነት መፍትሔ የላቸውም። በተለይ የትንፋሽ መቆራረጥ በተጠረጠረበት ሕመምተኛ ላይ የማስተኛ መድኃኒት መጨመር አደጋ ሊያስከትል ይችላል።

ሦስተኛው ክህሎት ነው። ቋሚ የመነሻ ሰዓት፣ የጠዋት ብርሃን፣ የቀን እንቅስቃሴና አልጋን ለእንቅልፍ ብቻ መጠቀም ይካተታሉ። የአልጋ ሰዓትን የመገደብ ዘዴ ግን በባይፖላር ሕሙማን ላይ ማኒያን ሊቀሰቅስ ስለሚችል ያለ ሐኪም ውሳኔና ክትትል አይተገበርም።

ውይይት

ከባዱ ጥያቄ ደኅንነትና እንቅልፍ ሲጋጩ ይነሣል። ራሱን ሊጎዳ ይችላል ተብሎ የሚፈራ ሕመምተኛ ሌሊት በተደጋጋሚ ይታያል፤ በር ሲከፈትና መብራት ሲበራ ደግሞ እንቅልፉ ይቋረጣል። ነርሱ ይህን ጉዳት ቢያውቅም ክትትሉን በራሱ ሥልጣን ማላላት አይችልም። ሊያደርግ የሚችለው ድምፅንና ብርሃንን መቀነስና የክትትሉ ድግግሞሽ በየዕለቱ ከሐኪሙ ጋር እንዲገመገም ማድረግ ነው። አስቸኳይ ያልሆነ ልኬትና የሌሊት መድኃኒት ሰዓትም እንዲሁ በጋራ ውሳኔ የሚስተካከሉ ናቸው።

መደምደሚያ

ስለዚህ ነርሱን ብቻ አሠልጥኖ ወደ ቀድሞው የሥራ መርሐ ግብር መመለስ በቂ አይደለም። የዋርድ ኃላፊዎችና ሐኪሞች በሥልጠናው ሊሳተፉ ይገባል። የሥልጠናው ስኬትም ከፈተና ውጤት ይልቅ በሕሙማን እንቅልፍ፣ በሚታዘዘው የማስተኛ መድኃኒት መጠንና በደኅንነት መዝገብ ሊለካ ይገባል።