ለጀማሪዎችና ለቤተሰብ በሚዘጋጅ የባሕር ውስጥ ጉብኝት የአስጎብኚው ድርሻ፦ ከቀይ ባሕር ተሞክሮ አንጻር

መግቢያ

ከሲና ልሳነ ምድር ደቡባዊ ጫፍ እስከ ጅቡቲው ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ባሉ ጠረፎች ለጀማሪዎችና ልጆችን ይዘው ለሚመጡ ቤተሰቦች የሚዘጋጁ ጉብኝቶች በሁለት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ስኖርክል በተባለው አጭር ቱቦ እየተነፈሱ በውኃው ገጽ ላይ መንሳፈፍ ነው። ሁለተኛው የታመቀ አየር የያዘ ሲሊንደር ተሸክሞ መጥለቅ፣ ማለትም ስኩባ ነው። ሁለቱም ብዙውን ጊዜ የሚቀርቡት በአስጎብኚ ታጅበው ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው የአስጎብኚው መኖር ጎብኚውንና ኮራሉን በእርግጥ የሚጠብቀው ምን ሲያደርግ እንደሆነ ነው።

ጥልቀቱ ትንሽ፣ ለውጡ ትልቅ

ጀማሪዎች ወደ ጥልቅ ውኃ ስለማይወሰዱ አደጋው አነስተኛ ነው የሚለው ግምት በከፊል ብቻ እውነት ነው። በባሕር ውስጥ በየ10 ሜትሩ ግፊቱ በአንድ አትሞስፌር ይጨምራል። በቦይል ሕግ መሠረት በውኃው ገጽ ላይ የነበረ አየር 10 ሜትር ላይ ይዘቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ 20 ሜትር ላይ ግን ወደ አንድ ሦስተኛ ብቻ ይወርዳል። ስለዚህ ከፍተኛው አንጻራዊ ለውጥ የሚከሰተው ጀማሪው በሚቆይበት የመጀመሪያው 10 ሜትር ውስጥ ነው። በጆሮ ታምቡር ላይ የሚሰማው ሕመምም በጥቂት ሜትሮች ውስጥ ይጀምራል።

እዚህ ላይ ሁለቱን የጉብኝት ዓይነቶች የሚለያይ አንድ መሠረታዊ ነገር አለ። በስኖርክል የሚዋኝ ልጅ ትንፋሹን ይዞ ጠልቆ ቢመለስ፣ በሳንባው ያለው አየር ከላይ ይዞት የገባው ስለሆነ ወደ ቀድሞ ይዘቱ ይመለሳል እንጂ ከዚያ አያልፍም። ያው ልጅ 10 ሜትር ላይ ከሲሊንደር ተንፍሶ ትንፋሹን እንደያዘ ቢወጣ ግን አየሩ እጥፍ ሊሆን ስለሚሞክር ሳንባውን ሊቀድ ይችላል። በአንደኛው ተፈጥሯዊ የሆነው ልማድ በሌላኛው ለሞት የሚያደርስ ስሕተት ነው። ሁለቱ በአንድ ቀን ተከታትለው በሚሰጡበት ጉብኝት ይህን ልማድ የሚያርመው አጠገብ ያለ አስጎብኚ ብቻ ነው። ፓዲ የተባለው የሥልጠና ድርጅት ለሙከራ መጥለቅ ዝቅተኛውን ዕድሜ 10 ዓመት፣ ከፍተኛውን ጥልቀት 12 ሜትር አድርጎ መወሰኑም ቁጥጥርን ታሳቢ ያደረገ ነው።

ገለጻና ክትትል

ኮራልን በተመለከተ ሁለት ጥናቶችን ማነጻጸር ይጠቅማል። ሜዲዮና ባልደረቦቹ በ1997 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት የተካሄደው በ1983 እ.ኤ.አ. በተከለለው የግብጽ ራስ ሞሐመድ ብሔራዊ ፓርክ ነው። ጠላቂዎቹ በየብስ ላይ በሥዕል የተደገፈ የ45 ደቂቃ ገለጻ ተሰጣቸው፤ ከዚያም በውኃ ውስጥ ሕይወት ያለውን ኮራል ከባዶ ዐለት እንዲለዩ ተደረገ። አንድ ጠላቂ በ7 ደቂቃ ውስጥ የሚፈጽመው ንክኪ ከ1.4 ወደ 0.4 ቀነሰ፤ ሕይወት ካለው ኮራል ጋር የሚደረገው ደግሞ ከ0.9 ወደ 0.15 ወረደ።

ባርከርና ሮበርትስ በካሪቢያኗ ሴንት ሉሲያ 353 ጠላቂዎችን ተከታትለው በ2004 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ውጤት በመጀመሪያ እይታ ይህን የሚቃረን ይመስላል። በመግቢያ ንግግር መካከል በአጭሩ የተነገረ ማሳሰቢያ በንክኪው ላይ ለውጥ አላመጣም። መሪው በውኃ ውስጥ ጣልቃ ገብቶ ሲያርም ግን ንክኪው በደቂቃ ከ0.3 ወደ 0.1 ዝቅ አለ። በ40 ደቂቃ ቆይታ ሲሰላ ይህ ከ12 ወደ 4 መቀነስ ማለት ነው። አብዛኛው ንክኪ የተፈጠረው በእግር በሚጠለቀው መቅዘፊያ ነበር፤ ይህም ጠላቂው ራሱ ከኋላው የማያየው ጉዳት ነው።

ሁለቱ ውጤቶች የሚጣጣሙት ገለጻው ጊዜ ተሰጥቶትና በውኃ ውስጥ በተግባር ተደግፎ መቅረቡ ሲታሰብ ነው። ለውጥ ያመጣው የንግግሩ መኖር ሳይሆን ወደ ውኃው አብሮ የገባው ትምህርት ነው። ጥናቶቹ ያተኮሩት በስኩባ ጠላቂዎች ላይ ስለሆነ አኃዞቹን በስኖርክል ለሚንሳፈፍ ቤተሰብ እንዳሉ መውሰድ አይገባም። ሆኖም ጭንብሉ ውኃ የገባበት ወይም የደከመ ጀማሪ ጥልቀት በሌለው ቦታ የሚቆመው እግሩ ባገኘው ኮራል ላይ በመሆኑ የቅርብ ክትትል አስፈላጊነት ለእርሱ አያንስም። ተንሳፋፊ ጃኬት ማልበስና መጀመሪያ አሸዋማ በሆነ ቦታ ማለማመድ ሰውንም ኮራልንም ይጠብቃል።

ከባሕር ወደ ደጋ

የአስጎብኚው ኃላፊነት ከውኃ በመውጣት አያበቃም። ስኩባ የጠለቀ ሰው በሰውነቱ ተጨማሪ ናይትሮጅን ስለሚይዝ ፈጥኖ ወደ ከፍታ ቢወጣ ጋዙ አረፋ ሊፈጥር ይችላል። ዳይቨርስ አለርት ኔትወርክ የተባለው የጠላቂዎች ደኅንነት ድርጅት ከአንድ ተራ መጥለቅ በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ከተደጋጋሚ መጥለቅ በኋላ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይበሩ መቆየትን ይመክራል። ይህ ምክር በአውሮፕላን ውስጥ እስከ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ የሚመጥን ግፊት መኖሩን ታሳቢ ያደርጋል። አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ትገኛለች። ስለሆነም ከጅቡቲ በመኪና የሚመለስ ኢትዮጵያዊም መንገዱ ቀስ በቀስ ቢወጣም የመጨረሻ ከፍታው ከበረራ ጋር ተቀራራቢ ነው። በውኃው ገጽ ላይ በስኖርክል ብቻ የዋኘን ሰው ይህ ገደብ አይመለከተውም።

ማጠቃለያ

የቀረበው ማስረጃ የሚያመለክተው የጉብኝት ጥራት መለኪያ አንድ አስጎብኚ በውኃ ውስጥ በዓይኑ ሊከታተላቸው የሚችላቸው ሰዎች ቁጥር መሆኑን ነው። የቡድኑ አባላት በበዙ ቁጥር የአስጎብኚው መኖር ስም ብቻ ይሆናል፤ ዋጋው የሚረክሰውም ብዙውን ጊዜ በዚሁ መንገድ ነው። ቤተሰቦች ከመመዝገባቸው በፊት አስጎብኚው አብሮ ውኃ ውስጥ መግባቱን፣ ስንት ሰው እንደሚመራና የመመለሻ ጉዞው ከመጥለቁ ምን ያህል እንደሚርቅ ቢጠይቁ ይበጃል። ቀጣይ ጥናቶችም ጀማሪዎችንና በስኖርክል የሚዋኙትን ለይተው የቡድን መጠንን እንደ ዋና ተለዋዋጭ ቢመረምሩ፣ ለፈቃድ ሰጪ አካላት የሚጠቅም ወሰን ለማስቀመጥ ያስችላል።