«ዕጣ» በክሊኒካዊ ሙከራ የስምምነት ቅጽ ውስጥ፦ የአንድ ቃል ትርጉምና የስምምነቱ ዋጋ

በክሊኒካዊ ምርምር የማስተርስ ትምህርት ተማሪው አብዛኛውን ጊዜ የሚያጠፋው በናሙና መጠን ስሌት፣ በፕሮቶኮል አጻጻፍና በመረጃ ትንተና ላይ ነው። የአማርኛው የስምምነት ቅጽ ግን ብዙውን ጊዜ የሚዘጋጀው ፕሮቶኮሉ ካለቀ በኋላ፣ ሰነዱ ለሥነ ምግባር ኮሚቴ ሊቀርብ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። የእንግሊዝኛው ቅጽ ወደ አማርኛ ይተረጎማል፤ ሌላ ሰው መልሶ ወደ እንግሊዝኛ ያዞረዋል፤ ሁለቱ ጽሑፎች ከተቀራረቡ ሥራው እንደተጠናቀቀ ይቆጠራል። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው በዚህ ማጣሪያ የሚያልፍ አንድ ስሕተት ነው፤ ስሕተቱም «ዕጣ» ከሚለው ቃል ጋር የተያያዘ ነው።

ታማሚዎችን በዕጣ መመደብ በሕክምና ታሪክ ስሙን ያገኘው የብሪታንያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1948 ባሳተመው የስትሬፕቶማይሲን ጥናት ነው። በዚያ ጥናት ከ107 የሳንባ ነቀርሳ ታማሚዎች 55ቱ መድኃኒቱን ከአልጋ ዕረፍት ጋር ሲያገኙ 52ቱ በዕረፍት ብቻ ታክመዋል። መድኃኒቱ እጅግ ጥቂት ስለነበረ ለሁሉም ማዳረስ አይቻልም ነበር። መድኃኒቱን ያላገኙት ታማሚዎች የጥናት አካል መሆናቸውን በሆስፒታል ቆይታቸው ሁሉ አላወቁም። ዛሬ እንዲህ ያለው አሠራር አይፈቀድም፤ ታማሚው ስለ ምደባው አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። ጥያቄው በምን ቃል ይነገረው የሚለው ነው።

አማርኛ ተናጋሪ «ዕጣ» ሲባል በአእምሮው የሚመጡለት ሥዕሎች አሉ። ወንድማማቾች የአባታቸውን መሬት እኩል ቆርሰው ድርሻቸውን የሚለዩት በዕጣ ነው። ዕቁብተኞች በየሳምንቱ ወይም በየወሩ ዕጣ ያወጣሉ፤ ዛሬ ያልደረሰው ሰው ቢዘገይበት እንጂ አይቀርበትም። በአዲስ አበባ ደግሞ ቃሉ ለብዙዎች የኮንዶሚኒየም ቤትን ያስታውሳል፤ የወጣለት ባለቤት ይሆናል፤ ያልወጣለት ተከራይ ሆኖ ይቀጥላል። ሦስቱ ሥዕሎች ቢለያዩም በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ዕጣው የሚወጣበት ነገር ጥቅም መሆኑ አስቀድሞ የታወቀ ነው።

በክሊኒካዊ ሙከራ ውስጥ ይህ ዕውቀት የለም። ቤንጃሚን ፍሪድማን እ.ኤ.አ. በ1987 እንዳስረዳው፣ ታማሚዎችን በዕጣ መመደብ በሥነ ምግባር ተቀባይነት የሚኖረው ከሕክምናዎቹ የትኛው እንደሚሻል በባለሙያዎች መካከል እውነተኛ አለመግባባት ሲኖር ነው። አንደኛው እንደሚሻል ከታወቀ ዕጣው ራሱ ግፍ ይሆናል።

በምሥራቅ አፍሪካ የተካሄደው የካላዛር ጥናት ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። በኢትዮጵያ፣ በሱዳን፣ በኬንያና በኡጋንዳ 439 ታማሚዎች በዕጣ በሁለት ምድብ ተከፈሉ። አንዱ ምድብ የተለመደውን የሶዲየም ስቲቦግሉኮኔትና የፓሮሞማይሲን መርፌ ለ17 ቀናት ወሰደ፤ ሌላው ፓሮሞማይሲንን በመርፌ፣ ሚልቴፎሲንን በአፍ ለ14 ቀናት ወሰደ። ከስድስት ወር በኋላ የተገኘው የመዳን መጠን በነባሩ ሕክምና 91.8 በመቶ፣ በአዲሱ 91.2 በመቶ ነበር። የአዲሱ ጥቅም በየቀኑ አንድ መርፌ መቀነሱና ልብን ሊጎዳ የሚችለውን ስቲቦግሉኮኔት ማስቀረቱ ነው። ይህ ሁሉ የታወቀው ግን ጥናቱ ካለቀ በኋላ ነው። ገና ዕጣ በሚወጣበት ሰዓት አዲሱ ሕክምና ነባሩን ያህል ያድን እንደሆነ አይታወቅም ነበር፤ ካላዛር ደግሞ በአግባቡ ካልታከመ የሚገድል በሽታ ነው።

እንዲህ ባለው ጥናት ለሚሳተፍ ታማሚ ምደባው «ዕጣ» ተብሎ ብቻ ቢነገረው ምን ይረዳል? በአፍ የሚወሰደው መድኃኒት ከደረሰው ዕጣ እንደወጣለት፣ ካልደረሰው እንደተሸነፈ ሊቆጥር ይችላል። ዕቁብን ያሰበ ደግሞ ተራው ቆይቶ እንደሚደርሰው ይጠብቃል። ጉዳቱ በታማሚው ላይ ብቻ አይቀርም። ተሸነፍኩ ያለ ሰው ክትትሉን ሊያቋርጥ ይችላል፤ ዕድለኛ ነኝ ያለው የደረሰበትን የጎንዮሽ ጉዳት ሊደብቅ ይችላል። ዓላማው አንዱ ሕክምና ከሌላው እንደማያንስ ማሳየት በሆነ ጥናት ደግሞ መድኃኒቱን በአግባቡ አለመውሰድ የምድቦቹን እውነተኛ ልዩነት ሸፍኖ ወደ ተሳሳተ መደምደሚያ ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህ በሥነ ምግባር ምዕራፍ የተናቀች አንዲት ቃል በስታትስቲክስ ምዕራፍ ዋጋ ታስከፍላለች።

የመልስ ትርጉም ይህን አይዘውም። «ዕጣ» ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስ ትክክለኛውን ቃል ይሰጣል፤ ወረቀቱም ከዋናው ጋር ይመሳሰላል። የሚለያየው በሰሚው አእምሮ ያለው ሥዕል ነው፤ እርሱን ደግሞ ተርጓሚ በጠረጴዛው ላይ ሊያየው አይችልም። በነገራችን ላይ «ምርምር» እና «ምርመራ» ከአንድ ሥር መውጣታቸው ያው ችግር ሌላ ፊት ነው። ደም ሊሰጥ የመጣ ታማሚ ለምርምር ተጠይቆ ለምርመራ ሊስማማ ይችላል። እነ ፖል አፕልባም እ.ኤ.አ. በ1982 ጥናትን ከግል ሕክምና ጋር ማምታታትን የራሱ ስም ሰጥተውት ነበር፤ በአማርኛ ግን ማምታቻው ከቃሉ ሥር ይጀምራል።

አንዳንድ ቅጾች ከችግሩ ለመሸሽ «በኮምፒውተር ይመደባሉ» ይላሉ። ይህ የከፋ ይመስላል፤ ኮምፒውተሩ የታማሚውን ሁኔታ አይቶ የሚስማማውን የመረጠለት ሊመስለው ይችላልና። ቃሉን ከመለወጥ ይልቅ የጎደለውን መናገር ይሻላል፦ «ከሁለቱ ሕክምናዎች የትኛው እንደሚሻል ገና አይታወቅም። ሐኪሞችም አያውቁም፤ ጥናቱ የሚደረገው ይህን ለማወቅ ነው። የትኛው እንደሚደርስዎ እርስዎም ሐኪምዎም አትመርጡም፤ በዕጣ ይለያል። ይህ ዕጣ እንደ ዕቁብ አይደለም፤ ሌላው ሕክምና በኋላ በተራ አይደርስዎትም።» «ሐኪሞችም አያውቁም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ለብዙ ተመራማሪዎች ይከብዳቸዋል፤ የታማሚውን እምነት የሚያሳጣ ይመስላቸዋል። ነገር ግን ያንን ዓረፍተ ነገር መናገር ያልቻለ ተመራማሪ ታማሚውን በዕጣ ለመመደብም ምክንያት የለውም።

ቅጹ ከመጽደቁ በፊት በጥቂት ሰዎች ሊሞከር ይገባል። በወላይታ የእግር እብጠት በሽታ የሆነውን ፖዶኮኒዮሲስ በዘረመል ያጠኑ ተመራማሪዎች ከጥናቱ አስቀድመው ኅብረተሰቡ ምርምርንና ስምምነትን እንዴት እንደሚረዳ ጠይቀዋል፤ ሥራቸውም እ.ኤ.አ. በ2009 ታትሟል። ለማስተርስ ተማሪ ግን ያን ያህል ሰፊ ሥራ ላያስፈልገው ይችላል። ቅጹን ለአሥር ያህል ሰዎች አንብቦ «ገባዎት?» ከማለት ይልቅ አንድ ጥያቄ ቢያቀርብ ብዙ ይማራል፦ «ዕጣው ያልወጣለት ሰው ምን ይቀርበታል?» መልሱ «መድኃኒቱ» ከሆነ ቅጹ እንደገና ይጻፋል።