ከቁጥሩ በፊት ንጽህናው

ተማሪ፦ ጋሼ፣ ይህ ቤንዞይክ አሲድ በ116 ዲግሪ መቅለጥ ጀምሮ በ120 አለቀ። መጽሐፉ 122 ይላል። ቴርሞሜትሩ ተበላሽቶ ይሆን?

መምህር፦ ከቴርሞሜትሩ በፊት ዱቄቱን ጠርጥሪ፣ ልጄ። ንጹሕ ቢሆን ኖሮ በአንድ ዲግሪ ልዩነት ውስጥ ቀልጦ ባለቀ ነበር። ያንቺው አራት ዲግሪ ፈጀ። ወይ አልደረቀም፣ ወይ ባዕድ ነገር አለበት።

ተማሪ፦ ጥቂት ባዕድ ነገር ይህን ያህል ያወርደዋል?

መምህር፦ ያወርደዋል እንጂ! ባዕዱ ፈሳሹ ውስጥ ሲሟሟ፣ ሞለኪውሎቹ ተመልሰው በክሪስታል መልክ መደርደር ይቸግራቸዋል። ስለዚህ ዝቅ ባለ ሙቀትም ይቀልጣል።

ተማሪ፦ ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ሙቀት ቢቀልጡስ በምን እለያቸዋለሁ?

መምህር፦ በመቀላቀል። ቤታ-ናፍቶልም 122 አካባቢ ይቀልጣል። ሁለቱን አብረሽ ፈጭተሽ ብትለኪ ግን መቅለጫው ይወርዳል። ቤንዞይክ አሲድን ከራሱ ጋር ብትቀላቅይው ንቅንቅ አይልም።

ተማሪ፦ አሁን ታዲያ ምን ላድርግ?

መምህር፦ በፈላ ውሃ አሟሚው፤ በትኩሱ አጥልዪው፤ ቀስ ብሎ ይብረድ። በቀዝቃዛ ውሃ እምብዛም ስለማይሟሟ ንጹሑ ክሪስታል ሆኖ ይወጣል፤ የሚሟሟው ባዕድ ውሃው ውስጥ ይቀራል። በደንብ አድርቂው። ከዚያ አልመሽ ፈጭተሽ በቀጭኑ ቱቦ ሁለት ሦስት ሚሊሜትር ያህል ሙዪ። እስከ 110 ፈጠን በዪ፤ ከዚያ ወዲያ በደቂቃ አንድ ዲግሪ ብቻ። ከቸኮልሽ ዱቄቱና ቴርሞሜትሩ እኩል አይሞቁም።

ተማሪ፦ የኤታኖሉ መፍያስ? መጽሐፉ 78 ሲል እኔ 72 ገደማ አገኘሁ።

መምህር፦ እሱ ልክ ነው። የመጽሐፉ ቁጥር በባሕር ጠለል ግፊት፣ በ101.3 ኪሎፓስካል የተለካ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ግፊቷ የዚያ ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ውሃም እዚህ 92 አካባቢ ይፈላል። መፍያን ከነግፊቱ ካልጻፍሽው ለሌላ ሰው አይጠቅምም። መቅለጫን ግን ከፍታው ይህን ያህል አይነካውም።

ተማሪ፦ ለጥቂት ዲግሪ ይህን ያህል መድከም ያስፈልጋል?

መምህር፦ የነዳጅን ሙቀት የሚለካው ካሎሪሜትር የሚስተካከለው በዚሁ በቤንዞይክ አሲድ ነው፤ አንድ ግራሙ ሲቃጠል 26.4 ኪሎጁል ይሰጣል። እሱ ካልጠራ ከዚያ በኋላ የሚለካው ሁሉ ይሳሳታል። የዛሬውንም ቁጥር አትሰርዢው፤ 116–120 ብለሽ ተዪው፤ ካጠራሽው በኋላ የምታገኚውን ከሥሩ ጻፊ። ሥራሽን የሚያስረዳው የሁለቱ ልዩነት ነው።