የማንጎ መዓዛ ያለው ሱስ

ስለ ሲጋራና ስለ ጫት ጉዳት በየቁምስናችን ብዙ ጊዜ ተነግሯል። በዚህ ትምህርት የምንመለከተው ግን ብዙ ወላጅ በስሙ እንኳ የማያውቀውን፣ ወጣቶች «ቬፕ» የሚሉትን የኤሌክትሮኒክስ ሲጋራ ነው። ሲጋራ ያጨሰ ልጅ በልብሱና በትንፋሹ ሽታ ይታወቃል። ይህኛው ግን የማንጎ ወይም የእንጆሪ መዓዛ ትቶ ያልፋል፤ መልኩም ብዕርን ወይም የኮምፒዩተር ፍላሽን ስለሚመስል ከደብተር ጋር በቦርሳ ቢገኝ የሚጠረጥረው የለም።

አሠራሩ ቀላል ነው። በውስጡ ባትሪ፣ የሚግል ቀጭን ሽቦና ፈሳሽ አለ። ሲሳብ ሽቦው ይግላል፤ ፈሳሹም ጉም ሆኖ እስከ ሳንባ ጥልቅ ይወርዳል። ፈሳሹ ፕሮፒሊን ግላይኮልና ግሊሰሪን ከተባሉ ውሕዶች፣ ከማጣፈጫና አብዛኛውን ጊዜ ከኒኮቲን የተቀመመ ነው። እንግዲህ «የውሃ እንፋሎት ነው» የሚለው ወሬ ሐሰት ነው። ፈሳሹ ከመጠን በላይ ሲግል ካንሰር አምጪ የሆነው ፎርማልዲሃይድ ይፈጠራል፤ በጉሙም ውስጥ እንደ ኒኬልና እርሳስ ያሉ ብረቶች ተገኝተዋል።

ትምባሆ ስለማይነድበት በሲጋራ ጭስ ውስጥ ያሉ ብዙ መርዞች በዚህ ያንሳሉ። ይህን መካድ አይገባንም፤ ወጣቶች ሲጠይቁን እውነቱን ልንነግራቸው ይገባል። ነገር ግን ይህ ንጽጽር ምናልባት ለብዙ ዓመታት ላጨሰ ሰው ይሠራ ይሆናል እንጂ ለ15 ዓመት ልጅ አይሠራም። አጭሶ የማያውቅ ልጅ የሚለውጠው ሲጋራን ሳይሆን ንጹሕ አየርን ነውና።

ከሁሉ የከፋው ኒኮቲኑ ነው። የሰው አእምሮ እስከ 25 ዓመት ገደማ በዕድገት ላይ ይቆያል፤ ኒኮቲንም በዚህ ጊዜ ትኩረትን፣ ትምህርት የመቀበል ችሎታንና ስሜትን የመግዛት ኃይልን ይጎዳል፤ ሱሱም ከአዋቂው ይልቅ ልጁን ፈጥኖ ይይዘዋል። ቀድሞ ሲጋራ የሞከረ ልጅ ጉሮሮው ተቃጥሎ ያስል ነበር፤ ያ ሳል ራሱ ማስጠንቀቂያ ነበር። በአዲሶቹ መሣሪያዎች የሚገባው የኒኮቲን ጨው ግን ይህን ማቃጠል ስለሚያለዝብ ማስጠንቀቂያውም ጠፍቷል። በአሜሪካ «ጁል» የተባለው መሣሪያ አንዲት ትንሽ ዕቃ አንድ ፓኮ ሲጋራ ያህል ኒኮቲን ትይዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 በዚያ አገር ከመቶ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከ27 በላይ የሚሆኑት ይህን ልማድ ይዘው ተገኙ። በዚያው ዓመት በተነሣ ከባድ የሳንባ ጉዳት እስከ የካቲት 2020 ድረስ ከ2,800 በላይ ሰዎች ሆስፒታል ገብተው 68 ሞተዋል። የጉዳቱ ዋና መንስኤ ከሐሺሽ ቅመም ጋር የተደባለቀ የቫይታሚን ኢ ዘይት ነበር፤ የሚስበው ሰው ግን በውስጡ ምን እንደተጨመረ ማወቂያ አልነበረውም።

በእኛ አካባቢ ነገሩ ሌላም ክብደት አለው። አሰላ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ ሲሆን በቆጂ ደግሞ ከዚያም ትበልጣለች። በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክሲጅን በባሕር ጠረፍ ከሚገኘው በሩብ ያህል ያንሳል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በልጅነቱ 10 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ትምህርት ቤት የተመላለሰው፣ ደራርቱ ቱሉም በ1984 ዓ.ም. ለባርሴሎናው ወርቅ የበቃችው በዚህ አየር ባደገ ሳንባ ነው። ኒኮቲን የደም ሥርን ያጠባል፣ ልብንም ያጣድፋል። የሺሻ ከሰል ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድን ስለሚያመጣ ያንኑ ጥቂቱን ኦክሲጅን ከደም ውስጥ ይነጥቃል። አንድ ሲጋራ 20 ጊዜ ያህል የሚሳብ ሲሆን የአንድ ሰዓት ሺሻ 200 ጊዜ ያህል ይሳባል። (የአርሲና የባሌ ተራሮች ጌጥ የሆነው የደጋ አጋዘን፣ ኒያላ፣ ስሙን ለሲጋራ ማዋሱ ሁልጊዜ ያሳዝነናል።)

አገራችን በሕግ በኩል አልዘገየችም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ዐዋጅ ቁጥር 1112/2011 የኤሌክትሮኒክስ ሲጋራንና ሺሻን ለንግድ ማስገባትና መሸጥ ከልክሏል፤ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰውም ትምባሆ እንዳይሸጥ ደንግጓል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በቫቲካን ሲጋራ እንዳይሸጥ ወስነው ነበር። ይሁን እንጂ በኪስ የሚገባን ዕቃ ዐዋጅ ብቻውን አይይዘውም፤ በመንገደኛ ሻንጣ ሊመጣ፣ በጓደኛ እጅ ሊተላለፍ ይችላል።

ስለዚህ ምክንያቱ ያልታወቀ የፍራፍሬ ሽታ፣ የማይለቅ ሳል፣ ያለ ልማዱ ቁጡነትና ከክፍል ቶሎ ቶሎ መውጣት ሲታይ በእርጋታ መጠየቅ ይገባል። ዱላ ልጁን ምሥጢረኛ ያደርገዋል እንጂ ከሱስ አያላቅቀውም። ያቆመ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይበሳጫል፣ እንቅልፍም ያጣል፤ ይህ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እየቀለለ ስለሚሄድ ቤተ ሰቡ አስቀድሞ አውቆ ቢታገሠው መልካም ነው። ካቴኪስቶችም የወጣቶችን ጉባኤ ሲመሩ ወጣቶቹ ራሳቸው የሰሙትን እንዲናገሩ ዕድል ይስጧቸው።

ይህ ፈሳሽ በቤት ውስጥ ከተገኘ ታናናሾች ከሚደርሱበት ስፍራ ወዲያው ይወገድ። መዓዛው ከረሜላ ስለሚመስል ሕፃናትን ይስባል፤ ጥቂቱ እንኳ ሕፃንን ሊገድል ይችላል። የጠጣ ወይም በቆዳው ላይ የፈሰሰበት ሕፃን ቢኖር ምልክት ሳይጠበቅ፣ ዕቃውም አብሮ ተይዞ፣ በአቅራቢያ ወዳለ ሆስፒታል ይወሰድ።